ሽንት ቤት ፍለጋ የዞርኳቸው ትምህርት ቤቶች

ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ስለ መምህሩ ይጠይቃል፣ ስለ ፈተና ውጤቱ ይጠይቃል። እኔ ግን በየደረስኩበት የጠየቅሁት የሴቶቹን ሽንት ቤት ነው። እብድ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። አልፈርድባቸውም፤ ያን ሰሞን ለማበድ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ አቦከር ነው። ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ገጠር አንድ የማንጎ እርሻ ላይ ጥበቃ ሲቀጠር ተከትዬው ሄድኩ። አንዲት ልጅ አለችን። እዚያው አድጋ ኦሮምኛውን ከአማርኛ አስበልጣ የምታወራ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል በኦሮምኛ እየፈነጠዘች የተማረች ልጅ ናት። ሰባተኛ ስትገባ ግን ጠዋት ጠዋት ውሃ መጠጣት ተወች። "ጠጪ እንጂ!" ስላት "አልጠማኝም" ትላለች። በዚያ ሙቀት! አንድ ቀን ጎኗን ይዛ መጮኽ ስትጀምር ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ አይታት "ኩላሊቷ ነው፤ ይህች ልጅ ሽንቷን ትይዛለች እንዴ?" አለችኝ። ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

"ትምህርት ቤት የምንሸናበት የለንም እኮ እማዬ። ሴቶቹ ሁላችንም ውሃ አንጠጣም" አለች።

እናቷ ሆኜ ይህን አለማወቄ! በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ሽንት ቤት የለም እንዳይባል በብሎኬት የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የብረት በር ያለው አለ። ግን ተቆልፏል።

"ለእንግዳ ነው" አሉኝ። "ከወረዳ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የት እናስገባው? ወላጅ አዋጥቶ ያሠራው ንብረት ነው። ተማሪ ከገባበት ይበላሻል።"

ኧረ እግዚኦ! ሰው ጥሩውን ብርጭቆ ለእንግዳ ብሎ እንደሚያስቀምጠው እነሱ ሽንት ቤት አስቀምጠዋል። ልጃገረዶቹ ሽንታቸው ሲመጣ ቁልቋል ሥር ይሄዳሉ፣ ወንዶቹ ተከትለው ይሳሳቁባቸዋል። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅማ እስኪያልፍላት ከቤት አትወጣም። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ዳይሬክተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

ከወንዙ ማዶ ሌላ ትምህርት ቤት አለ ሲሉኝ እሱንም ላየው ሄድኩ። ዳይሬክተሯ ሴት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሽንት ቤቱ ክፍት ነው፣ በሩ ግን ተሰርቋል፤ ልጃገረዶቹ ሻርፕ ዘርግተው ተራ በተራ ይጠባበቃሉ። "አልደብቅሽም እህቴ" አለችኝ፣ "ዝናብ መጥቶ ወንዙ ሲሞላ የእናንተ ማዶ ልጆች ይቀራሉ።" አምና አንዲት ልጅ ለጥቂት ከውሃው መትረፏንም ነገረችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝም፤ ልጄን ግን እዚያ መስደድ አልቻልኩም።

የቀረኝ ከተማው ነው። አቦከር ያለችው እህቴ "እኔ ጋ ትሁን" አለችኝ። እሷ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ በር አለው፣ ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፣ ግድግዳው ላይ ሳሙና እንኳ ተንጠልጥሏል። ልቤ ዘለለ! ዳይሬክተሩ ግን በኦሮምኛ የሚማሩት ክፍል ጢም ብሎ መሙላቱን ነገሩኝ። በአማርኛ ልግባ ካለች ደግሞ ወደ ታች ክፍል መመለስ አለባት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ደግፈው አነሱኝ። "እናቴ፣ ይገባኛል፤ ግን የት ላስቀምጣት?" አሉ። እውነት አላቸው፣ በመስኮት ሳይ አንዱ ዴስክ ላይ ልጆቹ ተደራርበው ተቀምጠዋል።

ከዚያ ወጥቼ በጊደር መጋላ ገበያ ሳልፍ መንገድ መሐል ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። ቅመም የምትሸጥ ሴትዮ በርበሬው ገብቶብኝ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ። ነገሩን ስነግራት "አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል" አለችኝ። አላህማ ያውቃል፤ የማያውቁት ሰዎቹ ናቸው!

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ መጀመሪያው ዳይሬክተር ተመለስኩ። የጤና ጣቢያውን ካርድ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ "ልጄን ልትገድሉ ነው?" አልኳቸው። ካርዱን አገላብጠው አዩና ከመሳቢያቸው ትርፍ ቁልፍ አወጡ። "ለእሷ ብቻ። ማንም እንዳያውቅ።" ሌሎቹ ልጆች ትዝም አላሉኝ፤ መርቄያቸው ወጣሁ።

ልጄ ውሃ ጠጣች። ፊቷ ተመለሰ፣ ሣቋ ተመለሰ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ። ኋላ ላይ ግን የተፈራው ተቆጣጣሪ ከወረዳ መጣ። ዳይሬክተሩ እንግዳቸውን አስከትለው ወደ ሰማያዊው በር ሲሄዱ የሴት ተማሪ ሰልፍ ጠበቃቸው። በሩ ላይ ቆማ የምታስገባው የኔዋ ናት! ቁልፉን እዚያው ቀሟት፣ ጓጉንቸሩም ተቀየረ።

ቤት ስትመጣ ጮኽኩባት። "ለአንቺ ስል ያልወደቅሁበት እግር የለም! ለምን አስገባሻቸው?"

"ሲለምኑኝ ምን ልበላቸው? አንቺ ብትሆኚ ዝም ትያለሽ?"

"አዎ! ዝም እላለሁ!" አልኳት። ከልቤ ነው፣ ዛሬም ቢሆን እላለሁ። ልጄ አየችኝና ወጣች።

መጀመሪያ የጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረች። ቀጥሎ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። የኔዋ ኩላሊቷ እንደገና ተነሣባትና ተኛች፤ ስትድንም ዩኒፎርሟን አጥባ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ለመንኳት፣ ገሠጽኳት፣ አባቷም ቁጭ አድርጎ መከራት። "እሺ" ትላለች፣ አትሄድም።

ባለፈው ሰሞን ከማንጎው እርሻ ወዲያ አዲስ ትምህርት ቤት ተከፈተ ሲሉ ሰማሁ። ነጠላዬን አንሥቼ "ነይ፣ አብረን እንየው፤ በር አለው ይላሉ" አልኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ትምህርት ቤት ትቻለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "አሁን የምትመላለሺው አንቺ ብቻ ነሽ።"