የበቅሎ ተራና ያልተሸለመው ኤዲተር

ጡረታ ስወጣ ደባርቅ ውስጥ የቀረኝ ሥራ ሚስቴን ማናደድ ብቻ ነበር። እሱንም አልቻልኩበትም፤ ሁልጊዜ እሷ ትቀድመኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ጠመኔው ከእጄ ሲወጣ፣ ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን አስሬ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

«አንቱ፣ ጫማ ካደረጉ አይቀር ውጡ እንጂ» ትለኝ ነበር። «ደጃፍ ላይ ተገትረው ለማን ነው ዘብ የሚቆሙት?»

ያዳኑኝ በቅሎዎች ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ ቱሪስቱ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ድንኳኑንና ስንቁን ተራራው ላይ እስካለው የጨነቅ ሰፈር የሚያደርሱለት የደባርቅ ዙሪያ ገበሬዎች በቅሎዎች ናቸው። ዛሬ የማን በቅሎ ትጫን፣ ነገ የማን፣ የሚለው ነገር ታዲያ የጠብ ሁሉ እናት ነው። ድሮ በዕጣ ይፈቱት ነበር፦ እያንዳንዱ ጠጠር ወይ የእንጨት ስባሪ ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው አንድ በአንድ ይጥለዋል።

የበቅሎ አከራዮቹ ሊቀ መንበር ዳባት አጠገብ የቆሎ ተማሪ ሳለን አብረን ቁራሽ የለመንን፣ አብረንም ከውሻ የሸሸን የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ «አንተ መምህር፣ ያ አቅፈኸው የምትዞረው ኮምፒውተር ተራ ማውጣት ያውቃል?» አለኝ።

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና ነው። ሰው ሲያረጅ ወይ ይመነኩሳል ወይ ይቀብጣል፤ እኔ ቀበጥኩ። ተራውን የሚደለድል ፕሮግራም ጻፍኩለት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወረቀቴን ይዤ በቅሎዎቹ ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ ስወርድ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት ሰዎች ከሩቅ አይተውኝ «መምህር መጣ!» ይላሉ። በዚያ ዘመን ሰው እኔን የሚጠብቅበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ደስታዬ እስከ ኅዳር ሚካኤል ነው የቆየው። ያገራችን ሰው ሁሉ ጽዋ ማኅበር አለው። አንዱ በማርያም፣ አንዱ በሚካኤል፣ አንዱ በጊዮርጊስ ቀን ይሰበሰባል፤ ድግሱም በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ማኅበርተኛ ቤቱ የሚመጣበት ሰው እንኳን ጨነቅ፣ ገበያም አይወጣ። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ሰውን ያውቃል፣ በቅሎን ያውቃል፣ ማኅበር ግን አያውቅም። ሊቀ መንበሩን፣ ጠላው ተጠምቆ ማኅበርተኛው በሚገባበት በኅዳር አሥራ ሁለት ዕለት፣ ወደ ጨነቅ ላከው። ሰውየው ከማኅበርተኞቹ ጋር እቤቱ ቀረ፤ ተራው ተቃጠለ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ በሰው ፊት፣ «ስንት ዘመን ዕጣ ስንጥል ሚካኤል አሳፍሮን አያውቅም» አለኝ። «ይሄ ሳጥንህ ቅዱስ ሚካኤልን አያውቀውም እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሲበርድ ፍርዱ ተሰጠ፦ ይህ ዓመት እንደምንም ይለቅ፤ ለሚመጣው መስቀል ማግስት የእያንዳንዱን ሰው ማኅበር የሚያውቅ ተራ ይዤ ከመጣሁ መጣሁ፤ አለዚያ ወደ ጠጠራቸው ይመለሳሉ። እነሱ እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን አልሳቅሁም። እነሱ ወደ ጠጠራቸው ሲመለሱ እኔ ወደ ደጃፌ መመለሴ ነው።

አስተዋይ ሰው ቢሆን የዚያኑ ዕለት ሥራውን ይጀምር ነበር። እኔ ክረምቱን ሙሉ የኮድ መጻፊያዬን፣ ኤዲተሬን፣ ስሸልም ከረምኩ። ፕለጊን የሚሏቸው፣ በኤዲተሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻ ናቸው። ነጻ የሆነ ነገር ደግሞ እኔን እንደ ሠርግ ቤት ይጠራኛል። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ጎንደር ወርጄ ኢንተርኔት ቤት ውዬ እመጣለሁ። አንዱ ቅንፎችን እንደ ቀስተ ደመና ይቀባል። አንዱ ገና ሳስብ ቃሉን ይጨርስልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያላሰብኩትን። አንዱ ደግሞ የአየሩን ጠባይ ይነግረኛል፦ ደባርቅ ተቀምጬ፣ ጉሙ በመስኮቴ እየገባ!

ሥራውን ለመጀመር የቆረጥኩት በደመራ ዕለት ነው። ኤዲተሩን ስከፍተው ከፕለጊኖቹ አንዱ ራሱን ላድስ ብሎ ተነሣ፤ መሀል ላይ ከስልኬ የምስበው ኔትወርክ ጠፋ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ እንደ ነሐሴ ጉም ነጭ ሆኖ ይከፈታል፣ ወዲያው ይዘጋል። ደግሜ ከፈትኩት፤ ደግሞ ተዘጋ።

ሚስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ብቅ አለች። «ደመራ አይሄዱም?»

«ሥራ አለብኝ።»

«ክረምቱን የት ከርሞ ነው ዛሬ የመጣ፣ ይሄ ሥራ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ሄደች።

ብቻዬን ስቀር፣ አንብቤው የማላውቀውን የኤዲተሩን መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። ያለ ምንም ፕለጊን መክፈት ይቻላል ይላል። እንደተባልኩት አደረግሁ። ተከፈተ። ቀስተ ደመናው የለም፤ የአየር ጠባዩም የለም። ጌጧንና ኮርቻዋን አውልቃ ሜዳ ላይ የተለቀቀች በቅሎ መሰለ። በዚህ ባዶ ነገር ምን ይሠራል ብዬ አዘንኩ።

የሰዎቹ ስም አንድ አንድ መስመር ላይ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ መስመር፣ በጋውን ከየሰዉ ጠይቄ በደብተር የያዝኩትን የማኅበሩን ቀን የሚይዝ ቦታ መክፈት አለብኝ። መስመር በመስመር ከሄድኩ መስቀል አልፎ ጥቅምት ይገባል። መመሪያውን ገለጥ ሳደርግ፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ በየመስመሩ ያን ብልጭ ድርግም የሚል የመጻፊያ ጠቋሚ መትከል ይቻላል የሚል አገኘሁ። ተከልኩ። አንድ ፊደል ስመታ በሁሉም መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ተጻፈ! መሪጌታው ሲያነሣ ደብተራው ሁሉ እንደሚቀበለው ነው። ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሌባ ቤቱን መበርበር ያዝኩ። ቅንፍ ላይ ስቆም ጥንዱ ይበራል፤ ያለ ቀስተ ደመና። ቃልም ይጨርስልኛል፤ ግን ራሴ ቀድሜ ከጻፍኳቸው ቃላት ብቻ እየወሰደ፣ ያላሰብኩትን ሳይጨምር። የአንዱን ነገር ስም አንድ ቦታ ብለውጥ በሁሉም ቦታ ይለወጣል። ይሄ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አብሮት የመጣ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እኔ ጅሉ ወርቁን እቤቴ አስቀምጬ መዳብ ፍለጋ ጎንደር ተሳፈርኩ።

ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ቀኖቹ ተሞልተው፣ ተራው በማኅበሩ ቀን ላይ የወደቀበትን ሰው ወደ ማግስቱ የሚያሻግር ፕሮግራም ተጠናቀቀ። ሚስቴ ከደመራ ስትመለስ ክፍሉ ውስጥ ስንጎራደድ አገኘችኝና፣ «እግዚኦ፣ ጤነኛ ነዎት?» አለች።

በመስቀል ማግስት ፎቶ ኮፒ ቤት በጠዋት አስከፍቼ፣ በትልልቅ ፊደል አሳተምኩና ሜዳው ዳር ባለው መጋዘን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ እኔን ያያል፤ ግድግዳውን ዞር ብሎ ያየ የለም።

«ሚካኤልን አገኘው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ኅዳር አሥራ ሁለት በቅሎህ እቤቷ ናት። ተራህ ወደ አሥራ ሦስት ተሻግሯል።»

«የእኔስ ጊዮርጊስ?» አለ ሌላው።

«እሱንም ያውቀዋል።»

ሊቀ መንበሩ ጢሙን አሻሸ። ጠጠሮቹን በኪሱ ይዞ መጥቶ ኖሮ አውጥቶ መሬት ላይ በተናቸው። «በል አንብብ» አለኝ።

«ተለጥፏል እኮ። ሁላችሁም ማንበብ ትችላላችሁ።»

«ዳዊት የደገመ ሰው ማንበብ መቼ ያቅተዋል? ግን ሲሳሳት ማንን ልንሰድብ ነው፣ ግድግዳውን? ጠዋት ጠዋት እየመጣህ ታነባለህ። ሲያልቅም ቁጭ ብለህ ትሰደባለህ።»

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ የበቅሎዎቹ ትንፋሽ ይታያል፣ የኮርቻው ቆዳ ይሸታል። የዛሬውን ተራ እንደ ዲያቆን ድምፄን ጠርጌ፣ ስም ከነአባት፣ አባት ከነአያት እየጠራሁ ማንበብ ጀመርኩ።

«ኧረ መምህር ፍጠን!» አለ አንዱ ከኋላ። «አንተ እስክትጨርስ ቱሪስቱ አገሩ ይገባል!»

እኔም ከአያት ወደ ቅድመ አያት አለፍኩ።