ልጄን ከመቀመጫዋ ያስነሣሁበት እሑድ

እንጀራዬ የሰው ልጅ መጠበቅ ነው። ሮም ውስጥ አንድ የጣሊያን ቤተሰብ ዘንድ እሠራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሲኞራዋ ስትነዳ ልጇን ከኋላ በቀበቶ የማስረው እኔ ነኝ። ሪያልዞ የሚሉትን የልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ያስለመደችኝም እሷው ናት። ቀበቶው ከሆዱ በታች ጭኑ ላይ ዝቅ ይላል፤ በትከሻው እንጂ በአንገቱ አያልፍም፤ ወፍራም ጃኬት ከለበሰ ይወልቃል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። የሰው አደራ ነዋ።

ለልጄም ገዛሁላት። ስድስት ዓመቷ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመልሰን አንድ የአገራችን ሰው ነው፤ መቀመጫውን ታቅፌ መኪናው ውስጥ ስገባ ሌሎቹ "አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆንሽ" እያሉ ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ፣ ግን አስራታለሁ።

ያን እሑድ ይዘንባል። ባለመኪናውና ሚስቱ ከፊት፣ እኔ፣ ልጄና አንዲት ሴት ከኋላ ሆነን ጉዞ ስንጀምር አንዲት አሮጊት ፌርማታው ላይ ሲበሰብሱ አየናቸው። ባለመኪናው ቆመ።

"ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እማማን እናድርሳቸው" አለ።

መጠጋጊያ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ መጀመሪያ ልጄን፣ ከዚያ እኔን አየ።

"ተዉ፣ ልጅቷን አታስነሡ። እኔ አውቶቡሱን እጠብቃለሁ" አሉ እማማ።

"ኧረ ይግቡ። እርስዎ ቆመው ልጅ ትቀመጣለች እንዴ?"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይሉኝታ ነው የያዘኝ። መቀመጫውን እግሬ ሥር ወሽቄ ልጄን ጭኔ ላይ አደረግኋት።

"እማዬ፣ ቀበቶዬስ?" አለች።

"እኔ እይዝሻለሁ" አልኳት።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ሞተር ሳይክል ድንገት ከፊታችን ገባና ባለመኪናው ፍሬን ያዘ። ከማንም ጋር አልተጋጨንም። ልጄ ግን ከእጄ ወጣች። በሁለት እጄ አጥብቄ ነበር የያዝኳት፤ ምንም አልጠቀመም። ፊቷ ከፊተኛው መቀመጫ ብረት ጋር ተላተመ። ግራ ዓይኗ ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ከዚህ በላይ አይሻሻልም ብለውኛል ሐኪሞቹ።

ሰው ሁሉ "እግዜር ያመጣው ነው" ይለኛል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ቀበቶውን የፈታሁት እኔ፣ እግዜር ምን አደረገ? አሁንም በየጠዋቱ የሲኞራዬን ልጅ በሥርዓቱ አስራለሁ፤ እጄን ግን እጠላዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፀጉሯን ስሠራት "ያን ቀን ለምን አስነሣሽኝ?" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እስከዚያ ቀን ነገሩን አንሥታው አታውቅም።

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ" አልኳት።

"የትኛው ሰው?"

መልስ ፈለግሁላት። እማማ ካረፉ ዓመት አለፋቸው። ባልና ሚስቱ ጀርመን ገብተዋል፤ ደውለውልኝም አያውቁም። ከጎኔ የነበረችውን ሴት መልኳን እንኳ ማስታወስ አቃተኝ።