የማዳም ልጅ ፖሊስ የሆነ ጊዜ

ዱባይ ከመልመዴ በፊት ሻርጃ አንድ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የማዳም የመጨረሻ ልጅ ፖሊስ መሆን ይፈልግ ነበር። ቁመትም ጤናም አልጎደለውም። የጎደለው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ነው፤ ሂሳብ ወድቋል። አስጠኚ ተቀጥሮለት ነበር፣ ግን ልጁ በቀጠሮው እየጠፋ ሲያስቸግረው ሰውየው ተወው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወጥ ቤት ሰሃን ሳጥብ፣ ልጁ ጠረጴዛው ላይ የሂሳብ ደብተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሳልፍ ዓይኔ የተሳሳተው ስሌት ላይ አረፈ።

"ቁጥሩ ከእኩል ይሆናል ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ?"

"ተምሬዋለሁ።"

"እስከ ስንተኛ ነው የተማርሽው?"

"አስራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ።"

ለእናቱ ነገራት። ማዳም ስላላመነችኝ ስልኬ ላይ ያለውን የምስክር ወረቀቴን ፎቶ አሳየኋት። አጉልታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች። "ኸላስ፣ በቃ፣ ከምሳ በኋላ አንቺ ታስጠኚዋለሽ" አለች። ከሌላው ሥራዬ ግን ምንም አልተቀነሰልኝም።

ቤተሰቡ ከሰዓት ሲያሸልብ እኛ ወጥ ቤት እንቀመጣለን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም አገሬ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ስለነበር አልከበደኝም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ ችኩል እንጂ።

"ይሄን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አንቺ ራስሽ ፖሊስ አልሆንሽም?" አለኝ አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ።

"ተመዝግቤ ነበር" አልኩት።

እውነቴን ነው። ትምህርት በጨረስኩበት ዓመት ወረዳችን ማስታወቂያ ለጥፎ፣ ወረቀቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ቁመቴን ለኩኝ፣ ስሜን ጻፉ። በዚያው ሳምንት ለዓረብ አገር ሥራ በተመዘገብኩበት ኤጀንሲ በኩል ቪዛዬ መጣ። እናቴ "ፖሊስነቱ የትም አይሄድም" አለችኝ። መጣሁ። ለልጁ ይሄን አላወራሁለትም።

"ከዚያስ?" አለኝ።

"ከዚያ እዚህ መጣሁ። በል፣ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ሥራ።"

የድጋሚ ፈተናውን አለፈ። ማዳም ለዘመዶቿ ሁሉ ደወለች፤ እኔ ለእንግዶቹ ሩዝና ሥጋ ሠራሁ። ልጁ የፖሊስ ማሠልጠኛ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እህቴ ከአገር ቤት ደወለች።

"ወረዳው እንደገና ፖሊስ እየመለመለ ነው። አስራ ሁለተኛ የጨረሰ ይላል። ኮንትራትሽ ሊያልቅ አይደል? ነይ በቃ።"

"ዕድሜስ?"

"ገና አላለፈብሽም።"

"ፓስፖርቴ ላይ አልፎብኛል" አልኳት።

ያኔ ወደዚህ ስመጣ የኤጀንሲው ደላላ ልጅ ነሽ አይወስዱሽም ብሎ ፓስፖርቴ ላይ አምስት ዓመት ጨምሮብኛል። እህቴ ይሄን ረስታው ነበር። በማግስቱ ወረዳ ሄዳ ጠየቀችልኝና መልሳ ደወለች። የልደት ዘመኔ በትምህርት ማስረጃዬና በፓስፖርቴ ላይ የተለያየ ስለሆነ አይቀበሉም። ላስተካክል ካልኩም ፍርድ ቤት መሄድ አለብኝ፤ ምዝገባው ደግሞ በሳምንቱ ያበቃል።

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ብቻ? አልከፋሽም እንዴ?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ልብስ እየተኮስኩ ነው።"

ልጁ ለእረፍት መጥቶ የማሠልጠኛ ልብሱን እንድተኩስለት ሰጥቶኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። እጅጌውን ገልብጬ ሌላኛውን ወገን ተኮስኩ፣ ቀጥሎ አንገትጌውን። ማዳም በበሩ ብቅ ብላ ሻይ አፍይ ስትለኝ ሄጄ አፈላሁ።

ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ አልተመለስኩም። አሁን አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር፣ ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ብቻ ተከራይቼ፣ ቤድ ስፔስ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ዱባይ ሄጄ ቢሮ አጸዳለሁ። እህቴ መምህርነት እየተማረች ነው። ስንደዋወል ስለ ፈተናዋ ትነግረኛለች፣ እኔ እሰማለሁ። ስለ ወረዳው ምልመላ እሷም አታነሳ፣ እኔም አልጠይቅ።