አክሲዮን እንደ ቅርጫ

ከአገር ርቀን ቡኮቶ በሚባል ሰፈር የምንኖር ሦስት ሐበሾች ነበርን አዋጥተን አክሲዮን ለመግዛት የተነሳነው፤ ጋዜጠኛው እኔ፣ አንድ የአውሮፕላን ቴክኒሻንና ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ። እኔና ቴክኒሻኑ ያዋጣነው ብንከስርም የማንራብበትን ነው። የእትዬ ግን ጋባ በሚባል የሐይቅ ዳር ሰፈር ሁለተኛ ምግብ ቤት ለመክፈት ያጠራቀሙት ነበር። ከዚህ በፊት ያላቸውን ሁሉ አንድ ጭነት ጤፍ ላይ አውለው መንገድ ላይ ዝናብ አበላሽቶባቸዋል። ስለዚህ ገንዘባቸውን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈራቸዋል።

ምግብ ቤታቸው ውስጥ ተሰበሰብን። ቴክኒሻኑ ከመንገድ የገዛውን ሮሌክስ፣ ማለትም እንቁላል የተጠቀለለበትን ቂጣ፣ ይዞ ገባ።

«እኔ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣ አንተ ብቻ ነህ» አሉት እትዬ። ከዚያ ወደ ጉዳያችን ዞሩ። «እንደ ፋሲካው ቅርጫችን እናድርገው። ከጉበቱም፣ ከሻኛውም፣ ከጎድኑም ትንሽ ትንሽ። ገበያው ላይ ካለው ኩባንያ ሁሉ ይድረሰን።»

አክሲዮን የሚገዛልንን ደላላ ቀድሜ ጠይቄ ነበር። ግዢው የቱንም ያህል ቢያንስ ኮሚሽኑ ከተወሰነ መጠን በታች አይወርድም። ይህን ነገርኳቸው። ስንሸጥም እንደገና እንደምንከፍል ጨመርኩ።

«ጋዜጠኛ መቼም ደግ ወሬ አያመጣም» አሉ።

ቴክኒሻኑ እያኘከ፣ «እትዬ፣ ቅርጫ ላይ ለአራጁ ስንቴ ነው የምንከፍለው?» አለ።

«አንዴ ነዋ። በሬው አንድ አይደል?»

«ደላላው የሚያስከፍለን በየመደቡ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻ።»

እትዬ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «በየመደቡ? እና ለእኛ ምን ሊቀረን ነው፣ ቀንዱ?»

«እንግዲያው አንድ ኩባንያ ብቻ እንግዛ» አለ ቴክኒሻኑ።

«እሱንስ አልሞክረውም» አሉ።

ትክክል ነበሩ። ከአንድ ኩባንያ ወደ ሁለት ስንሄድ ሥጋቱ በጣም ይቀላል፤ ከዘጠኝ ወደ አሥር ስንሄድ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ኮሚሽኑ ግን ለሁለተኛውም ለአሥረኛውም ያው ነው። ሦስት ላይ ተስማማን። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ከመግዛትም ይልቅ መዋጮው ሲጠራቀም አንድ ላይ እንድንገዛ ወሰንን። አንዱን ባንክ፣ አንዱን የመብራት ኩባንያ አልን። እኔ ለሦስተኛው ሌላ ባንክ ሳነሳ እትዬ ቆጣ አሉ።

«ሁለት ባንክ ማለት አንድ መኪና ላይ የተጫነ ሁለት ኩንታል ማለት ነው። ዝናቡ ሁለቱንም ያገኛቸዋል።»

ስለዚህ ሦስተኛው የስልክ ኩባንያ ሆነ።

ከወራት በኋላ የአንዱ ዋጋ ወረደ። ዜናውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ደወልኩላቸው።

«ሌሎቹ ሁለቱስ?» አሉ።

«ጨምረዋል። በድምሩ ካዋጣነው በላይ ነን።»

«ታዲያ ምን ያስደውልሃል? ሥራ ላይ ነኝ።»

ከድምፃቸው ጀርባ የጀልባ ሞተርና የዓሣ ሻጮች ጫጫታ ይሰማኝ ነበር። ጋባ ሆነው ከአንዲት የቤት ባለቤት ጋር ስለ ኪራይ እየተከራከሩ ነበር። ስልኩን ሳይዘጉት ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ በጣሪያው በኩል ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ሲጠይቋት ሰማሁ።