መረጃ ሰጪ ሰባት

በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አጎቴ «መረጃ ሰጪ ሰባት» ይባላል። ስሙን ደብቄያለሁ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ያዛላ! ከስሙ ሌላ ግን ምንም አልደበቅኩም። ዕድሜው አለ፣ በርበሬና በቆሎ የሚያመርት ገበሬ መሆኑ አለ፣ መንደሩ ከቡታጅራ በየት በኩል እንደሆነ አለ። የሚያውቀው ሰው ያንን አንብቦ እሱ መሆኑን ለመለየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ ግን ቁጥር ስለሰጠሁት የተሸሸገ መስሎኝ ነበር።

ያጠናሁት ባህላዊ የግጭት አፈታትን ነው። ወልቂጤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሁድ በባጃጅ ጉብሬ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ዲግሪው ከመጣ የቡድን መሪነቱ ቦታ የአንተ ነው ተብያለሁ። መግቢያው ላይ «ሰላም በማኅበረሰቡ ውስጥ እንዴት እንደሚገነባ የማወቅ ጉጉት አደረብኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ምን ጉጉት አለብኝ! ጉጉቴ ለቦታው ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተ ክረምት ክረምት እሱ ቤት ነው ያደግኩት። ያኔ አጎቴ ከአጥር ጎረቤቱ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ነገሩ ከቃል አልፎ ዱላና ድንጋይ ሆነ፤ ጎረቤቱ ግራ ዓይኑን በድንጋይ ተመቶ አጣ። ሽማግሌዎች ገቡበት። የአጎቴ ወገን ጥፋቱን ተቀበለና ካሰ። ድንጋዩን የወረወረው እገሌ ነው ተብሎ ግን በስም አልተጠራም፤ በወገን ነው የተካሰው። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወገኖች ያንን ነገር ዳግም ላያነሱ ማሉ። መሐላውን አፍርሶ ያነሳው ሰው ጠቡን እንደ አዲስ እንደጀመረ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ከወንድማማች በላይ ሆኑ። በሬ ይዋዋሳሉ፣ በርበሬ ሲለቀም አንዱ ለሌላው ልጆቹን ይልካል። አርብ መስጊድ ጎን ለጎን ነው የሚሰግዱት። ጎረቤቱ በግራው በኩል ስለማያይ፣ ሲወጡ አጎቴ ሁልጊዜ በግራ በኩል ይሄዳል። ለጥናቴ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ለምን ያስፈልገኛል? አጎቴ ቤት ሄድኩ።

በርበሬው ሸራ ላይ ተሰጥቶ፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ የበሰበሰውን ይለቅም ነበር። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ በመካከላችን አስቀመጥኩ። ሽማግሌ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ካሳ እንዴት እንደሚወሰን፣ ዱአውን ማን እንደሚያደርግ ዘርዝሮ ነገረኝ። የራሱ ጉዳይ ላይ ስንደርስ ግን ቆመ።

«እሱ ያለቀ ነገር ነው። ሌላ ጠይቀኝ» አለ።

«ጋሼ፣ ለትምህርት እኮ ነው። ስም አይጠራም።»

«ምለናል አልኩህ።»

«ይኼ ካልተሟላ አልመረቅም» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት፤ ያለ እሱ ታሪክም እመረቅ ነበር። አጎቴ ግን በእኔ ትምህርት ጨክኖ አያውቅም። በርበሬውን ለቀም ለቀም አደረገና «እንግዲያው ያን ስልክ አጥፋው» አለኝ።

ስልኩን አንስቼ ነካ ነካ አደረግኩና ስክሪኑን ወደ ታች አድርጌ ደፋሁት። አላጠፋሁትም።

«ድንጋዩ ከእኛ ወገን አልመጣም» አለ። «እኔና እሱ አንገት ላንገት ተያይዘን ነበር። ታናሽ ወንድሙ እኔን ብሎ የወረወረው ድንጋይ እሱን አገኘው። በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሙም እንዳየሁት አይቷል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናግሬስ? ሰውየው ዓይኑን አጥቷል፤ ወንድሙንም ላሳጣው? ጥፋቱን እኛ ከወሰድነው በካሳ ያልቃል። እነሱ ቤት ከገባ ግን በምን ያልቃል?» ቀጥሎም «ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም። እዚሁ ይቅር» አለኝ። እሺ አልኩት።

ወደ ወልቂጤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ተቀድቷል። እንዴት ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው ራሴን ያመኛል። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ሽማግሌ ይከበራል፣ ካሳ ይከፈላል እያሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲጽፉ፣ እኔ እርቅ ሰው በተሸከመው ውሸት ላይ እንደሚቆም የሚያሳይ ሰው አግኝቻለሁ። አራተኛው ምዕራፍ በእሱ ቆመ። አማካሪዬ «ፈቃዱን ሰጥቷል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ ሰጥቷል» አልኩ። ፈታኞቹም ያቺን «በምን ያልቃል» የምትለዋን ጥቅስ አንስተው አመሰገኑኝ። እጅግ በጣም ጥሩ አገኘሁ፤ እናቴ ዘመድ ጠርታ በግ አረደች፤ አጎቴም ከገጠር መጥቶ ጋቢ አለበሰኝ።

እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! የጥናቴን ውጤት ለማኅበረሰቡ እንዳቀርብ ቡታጅራ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተዘጋጀ። ውሎ አበል አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ፣ ከኋላዬ ባነር ተሰቅሏል። ከየቀበሌው ሽማግሌና ተወካይ ተጠርቷል። እኔም ኮት ለብሼ፣ በፕሮጀክተር እያሳየሁ ማቅረብ ጀመርኩ። መረጃ ሰጪ ሰባት ጋ ስደርስ ቀና ስል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የአጎቴን ጎረቤት አየሁት። ቀበሌው እሱን ነው የላከው። በደህናው ዓይኑ እንዲያየኝ አንገቱን ወደ ግራ ዘወር አድርጎ ነበር፤ ሲያየኝም የራሱ ልጅ መድረክ ላይ የወጣ ያህል ፈገግ አለ።

መዝለል እችል ነበር። አንድ ቁልፍ መጫን ነበር፣ ሌላው ገጽ ይመጣል። ግን ጥቅሷ የጽሑፌ ሁሉ ማሳመሪያ ናት፤ የመሥሪያ ቤቴም ኃላፊ ፊት ለፊት ተቀምጧል። «ወንድሙንም ላሳጣው?» ከሚለው ጀምሬ አነበብኳት፣ ያውም ድምፄን አሳምሬ። ስጨርስ ሰው አጨበጨበ። ጎረቤቱ አላጨበጨበም። ሻይ እስኪቀርብ እንኳ ሳይቆይ፣ በግራ በኩል ያሉትን ወንበሮች በእጁ እየዳሰሰ ወጣ።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። «ምንድን ነው የጻፍከው?» ከማለቷ በፊት ሰላም እንኳ አላለችኝም። ጎረቤቱ በቀጥታ ታናሽ ወንድሙ ቤት ሄዶ ጠይቆታል። ወንድሙ ካደ፤ ሲክድ ግን ላብ አጠመቀው አሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ተቀያየሙ። ከዚያ ቂሙ ሁሉ ዞሮ አጎቴ ላይ አረፈ፤ መሐላ አፍራሽ፣ ስም አጥፊ፣ ወንድም አጋጭ ተባለ። በርበሬ ለቀማ ደርሶ አንድ ሰው አልመጣለትም። አርብ ዕለት ጎረቤቱ ሰፉን፣ የስግደት ረድፉን፣ ቀይሮ ከበሩ አጠገብ ሰገደ። «ወንድሜ ምግብ ትቷል» አለችኝ እናቴ፣ እያለቀሰች።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰየሙ። የወሰኑትም ሦስት ነገር ነው፦ አጎቴ የተናገረው ውሸት መሆኑን በሰው ፊት ይናገር፤ ወረቀቱ ይምጣና በሁሉም ፊት ይቀደድ፤ የጻፈው ልጅም ሌላ እንደሌለ ይማል። ወረቀቱ አንድ ብቻ መስሏቸዋል።

እኔ ያስጠረዝኩት አምስት ነው። አንዱ ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ ትምህርት ክፍሉ ጋ፣ አንዱ አማካሪዬ ጋ፣ ሁለቱ ቤቴ። ጉብሬ ሄጄ አማካሪዬን ያንን ክፍል ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። ይቻላል አለኝ። ግን አራተኛው ምዕራፍ ከተነካ እንደገና ፈታኞች ፊት መቅረብ ነው፤ ምክንያቱም ያለ ፈቃድ መቅዳቴ እንደሆነ በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርብኛል። «ውሳኔው የአንተ ነው፣ አስብበት» አለኝ። የቡድን መሪነት ደብዳቤዬ በዚያ ሳምንት ለፊርማ ቀርቦ ነበር። ከጉብሬ ወልቂጤ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ከባጃጁ ስወርድ አስቤ ጨርሻለሁ።

መስጊዱ ግቢ ውስጥ ነው የተሰበሰብነው። መጀመሪያ አጎቴ ተነሳ። ከስቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ውሸት ነው» አለ። «ትልቅ ሰው ለመምሰል ብዬ ቀባጠርኩ። ድንጋዩ ከእኛ ወገን ነው የመጣው። አፉ በሉኝ።» በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱንም እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። የጎረቤቱ ታናሽ ወንድም አቀርቅሮ በጫማው አፈር ይጭር ነበር። ከእኔና ከአጎቴ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ እሱ ነው፤ እሱም ትንፍሽ አላለም።

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ቤቴ ካሉት ሁለት ጥራዞች አንዱን አወጣሁ። ጠንካራ ሽፋን ስላለው በእጅ አልቀደድ አለ፤ ቢላ ተፈልጎ መጣ። ሽማግሌው ገጾቹን በጭብጥ በጭብጥ እየቀደዱ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ሌላ አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ማልልን።»

«ወላሂ የለም» አልኩ። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ዱአ ተደረገ። ጎረቤቱና አጎቴ ተቃቀፉ፤ ወንድማማቾቹም እንዲሁ። አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «የተማረ ሰው እንዲህ ነው፣ የለፋበትን ለሰላም ብሎ ያስቀደደ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። ስንወጣ ጎረቤቱ መሐል፣ አጎቴ በግራው ሆነው ሄዱ። መገንጠያው ላይ አጎቴ ወደ እኔ ዘወር አለና «ስልኩን አጥፋው ብዬህ ነበር» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህም በዓል ሲሆን ስሄድ ያበላኛል፣ ያጠጣኛል፣ ሥራ እንዴት ነው ይለኛል። ስለ ራሱ ግን አንዲት ነገር አውርቶልኝ አያውቅም።

ቦታውን አገኘሁ። የራሴ ቢሮ አለኝ። ግጭት ሲነሳ ሥልጠና የምሰጠው እኔ ነኝ፤ መሐላ በባህላችን ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሳስረዳ ሰው ማስታወሻ ይይዛል። አንዳንዴ ላይብረሪው ሄጄ ያንን ጥራዝ ኮቴ ሥር ሸጉጬ ለማውጣት አስባለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄም መደርደሪያው ጋ ቆሜያለሁ። ብወስደውስ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የተጫነው አለ። እሱን ሰበብ አድርጌ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ጎረቤቱ ደወለልኝ። የመጨረሻ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ የደረሳት ደግሞ እዚሁ ጉብሬ ነው። «ለማላውቀው ሰው ከምሰጣት ለአንተ አደራ» አለኝ። ወልቂጤ መናኸሪያ ተቀበልኳቸው። እሱ ፍራሽ ተሸክሟል፣ እሷ ሻንጣ ትጎትታለች። ባጃጅ ያዝን። እኔ ሳላስበው በግራው በኩል ተቀምጬ ነበር።

«ያንተን ትምህርት ካልተማርኩ ትላለች» አለኝ እየሳቀ። «ሰዎችን ማስታረቅ ነው የምፈልገው ትላለች። እስቲ ምከራት።»

ልጅቷ ከወዲያ በኩል አንገቷን አስግጋ «ጋሼ፣ የተመራቂዎች ጽሑፍ ላይብረሪ ይቀመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእርስዎም አለ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። አባቷ ቀደመኝ።

«የእሱ የለም። እኛ ፊት ነው የተቀደደው። ለእኔና ለወንድሜ ሲል የለፋበትን አስቀድዶ፣ ሌላ እንደሌለ ምሎልናል።» ከዚያ አንገቱን አዙሮ በደህናው ዓይኑ አየኝ። «አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አልኩ።

ባጃጁ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አወረደን። ፍራሹን ተቀበልኩት። ልጅቷ በአጥሩ ውስጥ እያየች ያ ትልቁ ሕንፃ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ላይብረሪው ነው አልኳት። መታወቂያ እንደሰጧት መጀመሪያ የምትገባው እዚያ እንደሆነ ነገረችን፤ አባቷም ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።