በካርቱም ሜዳ የወጣነው ዳገት

ሞተር ሳይክል አጠገቤ ቆሞ ቤንዚኑ በሸተተኝ ቁጥር ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የሠራሁበት ቤት ትዝ ይለኛል። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከወሎ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የማስታምማቸው ሐጅ የቤቱ እመቤት አባት ነበሩ። ዐይናቸው ፈዟል፤ ግራ እግራቸውም አይታዘዝላቸውም።

በጎረምሳነታቸው ባሕር ማዶ ሄደው በሞተር ሳይክል ተወዳድረዋል። ከዚያ ያመጡት፣ የውድድሩን ተራራማ መንገድ ከየመታጠፊያው ሥዕል ጋር የሚያሳይ ትንሽ መጽሐፍ ነበራቸው። ጽሑፉን እኔ ማንበብ አልችልም፤ እሳቸው ማየት አይችሉም። ስለዚህ ሥዕሉን እነግራቸዋለሁ፤ የቀረውን በቃላቸው ይሞሉታል።

«ቢቲ፣» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ከገባሽ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?»

ካርቱም እንደምታውቀው ሜዳ ናት። እኔ ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስወርድ ያደግሁ ነኝና ነገሩ ቶሎ ገባኝ። መታጠፊያዎቹን ሁሉ በተራ አጠናኋቸው። ዛሬም ብትጠይቀኝ አንድ ሳልስት እነግርሃለሁ።

አንድ ረፋድ፣ ልጃቸው ሥራ እንደሄደች፣ በግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሸራ ለብሶ የቆመው ሞተራቸው ላይ እንዳወጣቸው ለመኑኝ። ልጃቸው ከልክላ ነበር። እምቢ ማለት አቃተኝ። ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ወገባቸውን ይዤ የመጽሐፉን መንገድ መንገር ጀመርኩላቸው።

«በግራ የድንጋይ አጥር፣ ሐጅ። አሁን ቀስ ይበሉ፣ ድልድይ ነው።»

እሳቸው በአፋቸው እንደ ሞተር እያጓሩ ዘንበል ቀና ይላሉ።

የግቢው በር ተከፈተ። ልጃቸው ናት። አለቀልኝ፣ ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

«ያባ፣» አለች አባቷን፣ «ምን እያደረግህ ነው?»

«ዳገት ላይ ነኝ። አታናግሪኝ።»

ቆማ አየችን። ከዚያ ቦርሳዋን አፈሩ ላይ አስቀምጣ በወዲያኛው ጎን ትከሻቸውን ያዘች። «ቀጥይ» አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

ብዙም አልሄድን፤ ሲደክማቸው ተጋግዘን አወረድናቸው። ደግመው አልጠየቁም። ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ።

ለቅሶ ደራሹ ከወጣ በኋላ ልጃቸው ኩሽና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያን ቀን መንገዱ ላይ የት ደርሳችሁ ነበር?»

እውነቱን ለመናገር ሩቡን እንኳ አልሄድንም።

«ዳገቱን ጨርሰን ነበር፤ የቀረው ቁልቁለት ብቻ ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች።