«እለፉት» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾሜና ስለ ቁጣዬ ብቻ አውርቼ ተመልሻለሁ። አሁን ለእናንተ ልጽፈው ከተቀመጥኩ አራተኛ ቀኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና እነሳለሁ፤ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጥባለሁ፤ እመለስና የጻፍኩትን እሰርዛለሁ። ለምን ይሆን እጄ የኔን ስም ለመጻፍ እንዲህ የሚከብደው?

ባለቤቴ ተስፋዬ ይባላል። ይባል ነበር ማለት ገና አልለመድኩም። የምንኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ በምትባል ከተማ ነው፤ እሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተሳፋሪ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር፣ እኔ ክሊኒክ ውስጥ የቢሮ ሥራ እሠራለሁ። የእድራችንን ድረ ገጽ የምንይዘው ሁለታችን ነበርን። ማን እንዳረፈ፣ ለቅሶው የት እንደሆነ የሚነገረው እዚያ ላይ ነው። ገጹ የተቀመጠበትን ሰርቨር የተከራየነው ከአንድ ድርጅት ነበር። ኮምፒዩተሩ የኔ ድርሻ፣ የአባላቱን ስልክ ማንሳት የተስፋዬ።

አንድ ቀን ለሰርቨሩ የደኅንነት ሰርተፊኬት መምረጥ ነበረብኝ። ሰርተፊኬቱ የታመነ ሌላ አካል «አዎ፣ ይህ ገጽ በእርግጥ የእነሱ ነው» ብሎ የሚመሰክርበት ነው። ከባድ ምርጫ አልነበረም። ግን ድርጅቱ ካቀረባቸው የትኛውንም ብወስድ የማረጋገጫው ኢሜይል የሚሄደው የገጹ ስም ወደተመዘገበበት ሰው ነው፤ ያም ሰው የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወርቁ ናቸው። ኢሜይሉን ከፍተው አንድ ቦታ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

እኔ ደግሞ ጋሽ ወርቁን አኩርፌ ነበር። በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ልጅ፣ ኮምፒዩተሩን ለባልሽ ተይለትና ወጡን እይ» ብለውኛል። አዳራሹ ሳቀ። ተስፋዬም ትንሽ ሳቀ።

«ኧረ ኮል አድርጊያቸው በቃ፣ አንድ ክሊክ እኮ ነው» አለኝ ቤት ስንገባ።

«ወጥ እያየች ነው በላቸው። ያለ እሳቸው የሚሠራ ሌላ ሰርተፊኬት አለ።»

«ሶ፣ ላንቺ ኩርፊያ ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ስልኩ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ እየዘለለ ይግባ? ሰውን መጥፎ ነገር አናስለምድ። እኔ ልደውልላቸው።»

«ከደወልክ አላናግርህም።»

ቀልዴን አልነበረም፤ እሱም አውቆታል። አልደወለም።

ሌላም ምርጫ ነበረ፤ ሰርቨሩ ራሱ ለራሱ የሚፈርመው ሰርተፊኬት። ማንንም አያስለምንም። ግን እንዲህ ያለውን ገጽ የከፈተ ሰው ስልኩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል፤ ይህ ገጽ የማን እንደሆነ አልተረጋገጠም፣ ተመለሱ ይለዋል። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅኩም እንዳልል አውቅ ነበር። እያወቅኩ መረጥኩት።

መረጥኩትና አላበቃሁም። በትልልቅ ፊደል ወረቀት አዘጋጀሁ፦ «ማስጠንቀቂያው ሲመጣ አትደንግጡ። የኛው ገጽ ነው። ከታች ያለውን ተጭናችሁ እለፉት።» ወረቀቱን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ያደለው ተስፋዬ ነው። ሲደውሉለትም ያልኩትን ይደግምላቸዋል። «ችግር የለውም እማማ፣ እለፉት» ሲል አጠገቡ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ቃሉ የኔ፣ ድምፁ የእሱ። የኛ ሰው ደግሞ ስልኩ ከሚለው ይልቅ ተስፋዬ የሚለውን ያምናል። ለምን አያምን?

እማማ ጽጌ ከአባላቱ አንዷ ናቸው፤ ማኪኒ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ነው የሚተኙት። አርሊንግተን ከተማ ለአረጋውያን የሚሰጥ አፓርታማ ለማግኘት ወረፋ ከያዙ ዓመታት ሆኗቸው ነበር። «የራሴን በር የራሴ ቁልፍ ይከፍተዋል» እያሉ ያወሩ ነበር። አንድ ቀን በእድራችን ስም መረጃዎን ያድሱ የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ መጣ። ከእኛ አልነበረም። ሲከፍቱት ቀዩ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው እውነቱን ነበር። እማማ ግን አልደነገጡም። በወረቀቴ እንዳስተማርኳቸው አለፉት፤ ስማቸውን፣ የልደት ቀናቸውን፣ መንግሥት የሚያውቃቸውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሞሉ። ሌላ ሰው እሳቸውን መስሎ በቁጥራቸው ተጠቀመ። ተራቸው ሲደርስ ወረቀታቸው ከመዝገቡ ጋር አልገጥም አለ፤ አፓርታማውም ለሌላ ተሰጠ።

እድሩ ለስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ወርቁ ወረቀቴን ከፍ አድርገው ይዘው «ይሄን እለፉት ያለ ማነው?» አሉ።

እማማ ጽጌ በቀስታ፣ ክስ በማይመስል ድምፅ፣ «ተስፋዬ ነው የሰጠኝ» አሉ።

ተስፋዬ ወደኔ ዞረ። ምን ያህል ጊዜ ሰጠኝ? ለመነሳት የሚበቃ ጊዜ ነበር። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ የምፈልግ መሰልኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ተነሳ።

«መኪና ንዳ ስንልህ ሰው ገደል ነዳህብን!» አለ ከኋላ አንዱ፤ አንዳንዱም ሳቀ። ያን ዕለት ተስፋዬ አልሳቀም። የድረ ገጹ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። መኪና ውስጥ የሆነ ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ «ሬዲዮውን ክፈቺው እስቲ» ብቻ አለኝ። ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ወንበር ለመደርደር ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ዘግይቶ እየገባ ከኋላ መቀመጥ ጀመረ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳንም። ሲታመም፣ ሆስፒታል እግሩን እያሸሁለት፣ ሲሻለው ከእድሩ ፊት እነግርለታለሁ እል ነበር። አልተሻለውም። እኔስ የሚሻለውን ቀን ነበር የምጠብቀው ወይስ የሚረሳበትን?

አርባው ሲወጣ ጋሽ ወርቁ ቆሙ። «በዚያ ነገር ተስፋዬን የተቀየመ ካለ ዛሬ ከልቡ ይቅር ይበለው» አሉ። አዳራሹ በሙሉ «ይቅር ብለናል» አለ። እማማ ጽጌ አቅፈውኝ «ልጄ፣ እኔ ድሮ ትቼለታለሁ፤ ነፍሱን ይማረው» አሉኝ። እኔም ከሰዉ ጋር «ይቅር ብለናል» አልኩ። ባሌን፣ እኔ ባጠፋሁት፣ እኔው ይቅር አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም።

ይህን በሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ፊታችሁ ቆሜ አነበዋለሁ። ጋሽ ወርቁ ሰድበውኝ ነው አልልም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። እማማ ጽጌ፣ ለእኔ ይቅርታ ማድረግም መንፈግም የእርስዎ ነው፤ አልለምንዎትም። ሁላችሁንም የምለምነው ሌላ ነው፦ ለተስፋዬ የሰጣችሁትን ይቅርታ መልሳችሁ ውሰዱ። አልበደላችሁም።